የብርሃን አጥርና የቀፊራ በር

ዛሬ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ዋለ። ድሬ ሲሞቅ እንዲህ ነው። እኔ ደግሞ ማራገቢያ ስር ቁጭ ብዬ ስለ ብርድ ሳነብ ዋልኩ፤ ያውም ስለ ብርድ ሁሉ ጫፍ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዋይማን አሜሪካ፣ ቦልደር፣ ኮሎራዶ ውስጥ የሩቢዲየም አቶሞችን ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ብርድ ከሌለበት ነጥብ) በላይ የአንድ ዲግሪ 170 ቢሊዮንኛ ያህል እስኪቀራቸው አቀዘቀዙ። እዚያ ላይ አቶሞቹ ተዋህደው እንደ አንድ ሞገድ ይሆናሉ።

ፊዚክስ ሳስተምር የማልዘለው ጥያቄ አለ። አንድ ቅንጣት አጥር ላይ ይደርሳል፤ ጉልበቱ ለማለፍ አይበቃም። ሞገድ ስለሆነ ግን ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ይመለሳል። በቤተ ሙከራ አጥሩን የሚሠሩት በሌዘር ነው። የብርሃኑ ድግግሞሽ አቶሙ ከሚውጠው ከፍ ካለ፣ አቶሞቹ ከብርሃኑ ይሸሻሉ።

የእኔ ሰሌዳ ላይ ቅንጣቱ ብቻውን ነው የሚመጣው። እውነተኞቹ ግን በሺህ ሆነው፣ እየተገፋፉ ነው የሚመጡት።

ጠዋት ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ሄጄ ነበር። ቅስቱ በር ስር ሰው ተጨናንቋል። አንዲት እናት ሽንኩርት የሞላ ዘንቢል አቅፈው ልጃቸውን እየጠበቁ ቆመዋል። መግባት አልፈለጉም። ሰዉ ከኋላ ገፋ ሲያደርግ ግን በሩን አልፈው ተገኙ፤ አንዲት ሽንኩርት ከዘንቢሉ ወድቃ እግሬ ስር መጣች። ጫፍ ላይ የነበሩት ደግሞ ጭራሽ ወደ ኋላ ተገፉ።

የአቶሞቹም ነገር ከዚህ ይቀራረባል። የአቶሞቹ ደመና ሲለቀቅ የመገፋፋቱ ጉልበት ወደ ፍጥነት ይቀየራል። ፊተኞቹ ይፈጥናሉ፣ ኋለኞቹ ይዘገያሉ። ብቻውን ቢሆን ይመለስ የነበረው ያልፋል፤ ያልፍ የነበረው ይመለሳል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ግሮስና ፒታየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1961 በየፊናቸው የጻፉት፣ የእንዲህ ያለውን ደመና እንቅስቃሴ የሚገልጸው እኩልታ ውስጥ ይህን መገፋፋት የሚይዝ አንድ ክፍል አለ። ሁሌ «ይሄን ለጊዜው እንተወው» ብዬ ነበር የማልፈው። ለካ ተማሪዎቼን የነፈግኳቸው ዋናውን ነገር ነው። ይህ ከልቤ ቆጭቶኛል።

ሲሳሳቡ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 እንደታየው የሚሳሳቡ የሊቲየም አቶሞች ሳይበተኑ እንደ አንድ ጉብታ ይጓዛሉ። ቀስ ብለው አጥሩ ላይ ሲደርሱ መከፈል ይከብዳቸዋል፤ ወይ አብረው ያልፋሉ፣ ወይ አብረው ይመለሳሉ። መገፋፋቱን ወደ መሳሳብ የሚቀይረው የመግነጢስ መስኩን ማስተካከል ነው። አጥሩ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ውጤቱ ግን ሌላ!

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል አለኝ። እኩልታውን ሙሉውን ነው የምጽፈው።