ጨው፣ ሽፋንና የአባባ መቀስ

ሥራዬ ባክቴሪያን ጨው ውስጥ ማሳደግ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ይባላል፤ በብዙ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። ማሳደጊያው ፈሳሽ ላይ ጨው እጨምራለሁ። ሲያድር ሴሎቹን እሰበስባለሁ። ከዚያ የሽፋናቸውን ቅባት አውጥቼ ምን እንደተለወጠ አያለሁ።

አባባ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። መቀስ መያዝ ካቆሙ ሦስት ዓመት አልፏል፤ እኔ ግን «ነበሩ» ማለት አልወድም።

የመጀመሪያው ምልክት መቀሱ ነበር። ጨርቁ መሃል ሲደርስ ይቆምባቸው ጀመር። ደንዟል ብለው ሁለት ጊዜ አስሞረዱት። ቀጥሎ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያለው ሥጋ እየከሳ መጣ። ክንዳቸው ላይ ጡንቻው ከቆዳው ሥር በራሱ ይርገበገባል። መጀመሪያ የአንገት አጥንት ችግር ነው ተባልን። ትክክለኛው ስም እስኪነገረን ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው፦ የሞተር ኒውሮን በሽታ። በብዛት የሚታየው ዓይነት፣ ኤኤልኤስ የሚሉት። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1869 የገለጸው ነው። ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ተነስተው ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ትእዛዝ ያጣ ጡንቻም ይከሳል።

ያን ሰሞን የጎማ ኳስ ገዛሁላቸው። ጠዋትና ማታ እስኪደክማቸው ያስጨብጣቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ጡንቻ በሥራ ይመለሳል ብዬ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ መጀመሪያ ቀን ኳሱን ከእጃቸው ቀስ ብላ ወሰደችው። «አባባ፣ ድካም እኛን አይጠቅመንም» አለቻቸው። ነርቩ የሞተበትን ጡንቻ በማድከም ማበርታት አይቻልም። ቀላል እንቅስቃሴ ጥሩ ነው፤ ግን ከመዛላቸው በፊት ማቆም። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በየቀኑ ማንቀሳቀስ፣ በተለይ ትከሻን፤ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቅና ያማል። ቁጭ ብሎ መልበስ። እግራቸው መሬት መጎተት ሲጀምር ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ።

ቀጥላ ስለ ተሽከርካሪ ወንበር አነሳች። ተቆጣሁ። «ገና ይራመዳሉ እኮ!» አልኳት። አልተከራከረችኝም። «ለዚህ ነው አሁን የምናዘው» ብቻ አለችኝ።

ይሄን አባባሏን ላብራቶሪ ይዤው ገባሁ።

ጨው ሲበዛ ውኃ ከባክቴሪያው ሴል ይወጣል። ሴሉ ቶሎ ብሎ ፖታሲየም ያስገባል፤ ከዚያ ግላይሲን ቤታይንና ፕሮሊን የሚባሉ፣ ሥራውን የማያውኩበት ሞለኪውሎች ያከማቻል። ይሄ ውኃውን ይይዝለታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሽፋኑ ላይ የሚሆነው ነው። ካርዲዮሊፒን የሚባል ቅባት ይበዛል። ስሙን ያገኘው ከልብ ነው፤ ሜሪ ፓንግቦርን እ.ኤ.አ. በ1942 ከከብት ልብ ለይታ ስላወጣችው። ባክቴሪያው ይሄን ቅባት ከባዶ አይሠራውም። ሽፋኑ ላይ ካሉት ቅባቶች ሁለቱን ወስዶ አንድ ላይ ይገጥማቸዋል። ሁለት ጅራት ያላቸው ሁለቱ ተጋጥመው አራት ጅራት ያለው አንድ ይሆናሉ። ካርዲዮሊፒን መሥራት የማይችል ዝርያም ጨው ውስጥ ማደጉንስ ያድጋል። የሚያቅተው ለረጅም ጊዜ መቆየት ነው።

ተሃድሶ ሕክምና ሲባል የጠፋውን መመለስ ይመስለኝ ነበር። የአባባ ቴራፒስት የምትሠራው ሌላ ነገር ነው። ያለውን ታያለች፤ ካለው ደግሞ ሌላ አገጣጠም ታወጣለች። ጣት ሲደክም የማንኪያው እጀታ ይወፍራል። አንገት ሲደክም ወንበሩ ወደኋላ ይጋደማል፣ ራስ ይደገፋል። ፈሳሽ ትን ማለት ሲጀምር ይወፍራል፣ ሲውጡም አገጭ ወደ ደረት ዝቅ ይላል።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን አንድ ጥያቄ ነበር። «ጠዋት ራስ ምታት አለዎት?» አለቻቸው። ነበራቸው። እኛ እንቅልፍ ማጣት ነው ብለን ነበር። የመተንፈሻ ጡንቻ ሲደክም፣ በተለይ በጀርባ ሲተኙ፣ የተቃጠለው አየር በደንብ አይወጣም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ያድርና ጠዋት ራስ ያማል። አሁን ማታ ማታ ማስክ ያደርጋሉ፤ መሣሪያው ትንፋሻቸውን ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ይሄ እገዛ ዕድሜን እንደሚያራዝምና ኑሮን እንደሚያሻሽል አሳይቷል፤ በተለይ የአፍና የጉሮሮ ጡንቻቸው ክፉኛ ላልተጎዳባቸው። ማስኩን በጀመሩ በሳምንቱ ራስ ምታቱ ጠፋ። አባባ ቀን ላይ ማንቀላፋትም ተዉ። ቤተሰባችሁ ውስጥ ይሄ በሽታ ካለ፣ እባካችሁ ስለ ጠዋት ራስ ምታት ጠይቁ።

ሪሉዞልም ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ለዚህ በሽታ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ የሚጨምረው ወራትን ነው። ከሥራዎቹ አንዱ የጨው አካል የሆነው ሶዲየም ወደ ነርቭ የሚገባበትን በር ማጥበብ መሆኑን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። የነርቭ መልእክት ራሱ ጨው ሽፋን ሲያቋርጥ የሚፈጠር ነገር ነው። ቀን ላብራቶሪ የማየው ሶዲየምና ማታ በክኒን የማጠጣው መድኃኒት አንድ በር ላይ ተገናኙ።

አባባ አሁን መናገር አይችሉም። ዓይን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ግን በዚህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። ስለዚህ በፊደል ገበታ እናወራለን። 33 ረድፍ፣ 7 አምድ። መጀመሪያ ረድፉን በጣቴ እወርዳለሁ፤ ሲደርስ ዓይናቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እቆጥራለሁ፤ እንደገና ያነሳሉ። አንድ ፊደል ሆነ ማለት ነው። ድምፃቸውን በጊዜ ባለመቅዳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለፈው እሁድ ስለ ባክቴሪያዎቼ ነገርኳቸው፤ ስለ ጨውና ስለሚገጣጠሙት ቅባቶች። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ገበታውን አዩ። የጨ ረድፍ፣ ግዕዝ። የወ ረድፍ፣ ሳድስ። ጨው። ቀጠልን። ደቂቃዎች ወሰደብን።

«ጨው ሲቀንስስ»

ጥያቄው የት እንደሚያመራ ገባኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ጨው በድንገት ሲቀንስ ውኃ ወደ ሴሉ ይጎርፋል። ሽፋኑ ሲወጠር ላዩ ላይ ያሉ ትንንሽ በሮች ይከፈታሉ፤ ሴሉም ያጠራቀመውን አውጥቶ ይተርፋል። ሽፋኑም ሲቆይ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። «የእርስዎ ነርቭ ግን እንደዚያ አይመለስም፣ አባባ» አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ገበታው ተመለሰ። የተ ረድፍ፣ ሳድስ። የረ ረድፍ፣ ራብዕ። የሰ ረድፍ፣ ሳድስ።

ትራሱን ከፍ አደረግኩላቸው።