ለ3 ነጥብ የተቀመጥኩት ለቅሶ

ሹራቡን የገዛሁት በ4 ዶላር ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ኮፍያ ያለው፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ቢጫ «ኤም» የተጻፈበት። ልባሽ የሚሸጥበት ሱቅ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ሹራቡን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ ሹራቡን አየች።

«እርግጠኛ ነህ?»

ልኩን የጠየቀችኝ መስሎኝ «ይሆነኛል» አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ።

ስሜ ሙሉጌታ ነው። የስሜ መጀመሪያ ፊደል ደረቱ ላይ የተጻፈበት ልብስ በ4 ዶላር ሳገኝ «ይሄማ ከላይ ነው» አልኩ። ባለቤቴ ግን «ልክህን ነው ደረትህ ላይ የጻፉልህ፣ ሚዲየም» ብላ አሾፈችብኝ። ልጃችን አይቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከገባን ያኔ ገና አራት ወራችን የነበረ ቢሆንም፣ በዚህ ከተማ ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሱ አውቆታል። ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

ሳምንቱ ራሱ ግራ የሚያጋባ ነበር። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ በኩል በመኪና ሳልፍ ሰሌዳው ሁሉ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተለጥፏል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ቀይ ኤክስ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። «ኮሪደር ልማት እዚህም ደረሰ እንዴ?» አልኩ ለራሴ። ደግነቱ ተከራይ ነኝ ብዬ ተጽናናሁ።

ኤክስ የተደረገበት «ኤም» የሚለው ፊደል ብቻ መሆኑን ልብ ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። አላልኩም።

ጎረቤታችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። በሆዴ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ያኔ ሰኞ ቅጠል እየጠረጉ አገኙኝና «ኡሉጌታ» አሉኝ። ስሜን ሁሌም ያበላሹታል፤ «ሙ»ን ግን ውጠውት አያውቁም። ጥርስ ያስነቀሉ መሰለኝ። «ኡሉጌታ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን እኛ ቤት ና። ጨዋታ አለ።»

«ከማን ጋር ነው?»

ጋሼ ግራና ቀኝ አዩ። «ከዚያ ከላይኛው ቡድን ጋር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሰይጣንን በስሙ እንደማይጠራ ሰው።

ዛሬ አውቄዋለሁ። ሚሺጋን ማለታቸው ነው፣ በስተሰሜን ያለው የጎረቤት ግዛት ዩኒቨርሲቲ፤ ቢጫው «ኤም» የእሱ ምልክት ነው። ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን የአሜሪካ ፉትቦል መጫወት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1897 ነው፤ በየዓመቱ በኅዳር ወር ይገናኛሉ። የእኛዎቹ ስሙን ላለመጥራት «ያ ላይ ያለው ቡድን» ይላሉ። ዉዲ ሄይስ የሚባሉት የጥንቱ አሰልጣኝ ያስለመዱት አባባል ነው። በዚያ ሳምንት «ኤም» የሚባል ፊደል ከተማው ውስጥ የለም። ስለዚህ ሙሉጌታ የሚባል ሰውም የለም።

ቅዳሜ ኅዳር 21 ቀን 2017፣ የጽዮን ማርያም ንግሥ ነበር። ባለቤቴና ልጄ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ስለገባሁ ተኛሁ። ብንን ስል ለጨዋታው ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። አዲሱን ሹራብ ለበስኩ፣ ካፖርት ደረብኩ፣ ሮጥኩ።

የጋሼ ቤት ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። ሰው ቀይ፣ ጠረጴዛ ቀይ፣ ውሻው ሳይቀር ቀይ ሹራብ ለብሷል። የጋሼ ባለቤት በሩ ላይ ተቀበሉኝና «ካፖርትህን ልስቀልልህ?» አሉ።

«አይ፣ ይሁን።»

እኛ አገር የመጀመሪያው «አይ» እንደ «እሺ» ነው የሚቆጠረው። ሁለቴ ሦስቴ መለመን ነበረባቸው። እሳቸው ግን አንዴ ጠይቀው ሄዱ። በገዛ ይሉኝታዬ ካፖርቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ከሰው ሁሉ ጀርባ፣ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያ ይሉኝታ ከሦስት ሰዓት በላይ ነፍሴን አቆይቷታል።

ወዲያው ሳህን መጣልኝ። የዶሮ ክንፍ፣ የቀለጠ አይብ፣ ደግሞ እንቁላል። ነቢያት ከገባ ሳምንት ሊሞላው ነው።

«ጾም ላይ ነኝ» አልኳቸው ጋሼን።

ጋሼ ሳህኑን አስቀምጠው እጄን ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ለጨዋታው ብለህ?»

ጾመ ነቢያትን በእኔ እንግሊዝኛ ማስረዳት ከባድ ነው። «ለ... አዎ፣ እስከ ገና ነው» አልኩ።

«ሰማችሁ!» ብለው ጮኹ። «ኡሉጌታ ለዛሬው ጨዋታ እየጾመ ነው!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ ጭንቅላቴን ሳመኝ። ምን ላድርግ? ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ።

ጨዋታው ለኦሃዮ ቀላል ይመስል ነበር። ኦሃዮ ስቴት በደረጃ ሁለተኛ ነው። በዚያ ዓመት የተሸነፈው አንዴ፣ ያውም በኦሪገን 32 ለ31፣ በአንዲት ነጥብ ነው። ሚሺጋን ስድስት አሸንፎ አምስት ተሸንፎ ነው የመጣው። ግምቱ ሁሉ ኦሃዮ በሃያ ነጥብ አካባቢ ይበልጣል የሚል ነበር። ጥቂት የከነከነኝ ነገር የሰዎቹ ፊት ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ደጋፊ በሚይዘው በራሳቸው ሜዳ እየተጫወቱ፣ ሐኪም ውጤት ሊነግረው እንደሚጠብቅ ሰው ነው የተቀመጡት። ለካ በሚሺጋን ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈዋል።

ሕጉን ጋሼ በየመሃሉ ሹክ ይሉኝ ነበር። ኳሷን በእግር መትተው በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ካሳለፏት 3 ነጥብ ነው። እግር የሚነካት እንዲህ አልፎ አልፎ ሆኖ «ፉትቦል» መባሉ ይገርመኛል፤ ግን የሰው አገር ነው፣ ዝም ነው። ታዲያ የኦሃዮው መቺ ሁለቴ ሳተ። ሁለቱም ከ40 ያርድ በታች። አንደኛዋ ስትስት የጋሼ ባለቤት ተነሥተው ዕቃ ማጠብ ጀመሩ። ሁለተኛዋ ስትስት የታጠበውን እንደገና አጠቡ።

እረፍት ሲወጡ 10 ለ10። ከዚያ በኋላ ኦሃዮ አንድም ነጥብ አላገባም። ቤቱ ጸጥ አለ። የምድጃው ሙቀት፣ አሥራ አራት ሰው፣ ከላይ ካፖርት፣ ከሥር ያ ወፍራም ሹራብ። ላቡ ጀርባዬን ይዞ ይወርዳል።

45 ሰከንድ ሲቀር ሚሺጋኖች ለመምታት ተዘጋጁ። ሁሉም ከመቀመጫው ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም፣ ማንም የማያየኝ ሰዓት ይህ ነው ብዬ ካፖርቴን አወለቅኩ። ኳሷ ተመታች። ገባች። 13 ለ10።

አሥራ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። እዚህ አገር ለዚህ አቋቋም ስም አላቸው፣ «እጅ የሰጠ ኮብራ» ይሉታል። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ላለማየት ሁሉም ፊቱን አዞረ።

የዞሩት ወደ እኔ ነው።

ማን ምን እንዳየ ስላልገባኝ፣ እንግዳም ስለሆንኩ፣ ፈገግ አልኩ።

ውሻው አጉረመረመ። የቤቱ እመቤት «ወይ የኔ ልጅ» አሉ፤ እንባቸው ይሁን የዕቃ ማጠቢያው ውኃ ባላውቅም ፊታቸውን ጠረጉ። ያ ጭንቅላቴን የሳመኝ ወፍራም ሰውዬ ከንፈሩን በእጁ ጠረገ። ጋሼ ቀስ ብለው ቀረቡኝ። ደረቴን አዩ። ዓይኔን አዩ።

«ኡሉጌታ» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «ስትጾም የነበረው... ለማን ነው?»

«ስሜ ነው!» አልኩ ፊደሉን እየጠቆምኩ። «ሙ! ሙሉጌታ! ሙ!»

ያን ቀን በዚያ ቤት «ሙ» ብሎ የጮኸ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ኦሃዮዎች የቀራቸውን ሰከንድ ተጠቀሙ፣ አልሆነም። አለቀ። በቴሌቪዥኑ ሚሺጋኖች መሃል ሜዳው ላይ ባንዲራቸውን ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሣ፤ ፖሊስ ዓይን የሚያቃጥል ርጭት እስከ መርጨት ደረሰ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ኋላ መቶ መቶ ሺህ ዶላር ተቀጥተዋል። እኛ ያለንበት ቤት ግን ማንም አልተደባደበም። ቢደበድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እመቤቲቱ የልጃቸውን ቀይ ሹራብ አምጥተው መታጠቢያ ቤት አስገቡኝ። ስወጣ ሰማያዊውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ለጋሼ ሰጧቸው። ጋሼ ወደ ጋራዡ ይዘውት ገቡ። የበረዶ ማስቀመጫው ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ።

«ወቅቱ እስኪያልቅ እዚያ ይቆይ» አሉ ሲመለሱ። «ከዓሣው ጋር። እርግማኑ እንዲደርቅ።»

ቤት ገብቼ ስነግራቸው ልጄ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። እሱም እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«አውርድ እጅህን ከራስህ!» አለች እናቱ። «ሟርት ነው!»

«እማዬ፣ አባዬ የሚሺጋን ሹራብ ለብሶ ሄደ!»

«እና ምን ይሁን? ሰው አልሞተ።»

«ከሞት ይብሳል» አለ ልጄ። ከዚያ አስረዳን። በ40 ነጥብ ቢሸነፉ ኖሮ ሰው ይስቅና ይረሳዋል። 3 ነጥብ ግን ያቺ የሳተች ምት ናት። ሁለት ስተው በ3 ነው የተሸነፉት። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያቺን ኳስ መልሶ መላልሶ ይመታታል።

ይሄ ገባኝ። እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። በፈረንጆቹ 2024 ሲቲ 91፣ እኛ 89። ሁለት ነጥብ። ከዚያች ዓመት በኋላ ማስቲካ ሳኝክ እንኳ የሆነች ጨዋታ ትዝ ትለኛለች።

ባለቤቴ ትንሽ አሰበች። «በል እንግዲህ፣ ለቅሶ እንድረስ» አለች። ስንዴና ሽንብራ ዘፈዘፈች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ንፍሮ በሳህን ይዘን የጋሼን በር አንኳኳን።

ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። የሚደውለው ሁሉ አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር ይላል። ልጄ በሹክሹክታ አሠላልኝ፣ ሰውየው ከ76 ጨዋታ 66ቱን ያሸነፈ ነው። ችግሩ ከተሸነፋቸው አራቱ በላይኛው ቡድን መሆናቸው ነው። ከደዋዮቹ አንዱን ድምፅ አወቅኩት፣ ወፍራሙ ሰውዬ ይመስለኛል።

እኛም ዝም ብለን አጠገባቸው ተቀመጥን። ለቅሶ ቤት ማን ቀድሞ ያወራል? ጋሼ ቆይተው ሳህኑን አዩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እኛ አገር ሰው ሲሞት የሚበላ ነው» አልኩ።

አንድ ጭብጥ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ለረዥም ጊዜ አኘኩ። «ልክ ነው» አሉ። «ልክ ይህን ነው የሚለው።» ሳህኑን ጨረሱት። ስለ አርሴናልም ነገርኳቸው። «በ2 ነጥብ?» አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን ያስተዛዘነ አሜሪካዊ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ኦሃዮ ቢሸነፍም ለአገር ዋንጫው በሚደረገው ጥሎ ማለፍ ገባ። ተናዶ ቲኬቱን የሸጠ ብዙ ነው፤ ጋሼም ሸጡ። ስለዚህ ቴነሲ ኮሎምበስ ሲመጣ ስታዲየሙን ብርቱካናማ የለበሰ እንግዳ ሞላው። ኦሃዮ 42 ለ17 አሸነፈ። ጋሼ ያቺን ቲኬት እስከ ዛሬ ይረግሟታል። በአንዲት ነጥብ ያሸነፋቸውን ኦሪገንን 41 ለ21 ቀጡት። ቴክሳስን 28 ለ14። እኔ በየጨዋታው የልጃቸውን ቀይ ሹራብ ለብሼ ያቺው ጥግ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ታዝዣለሁ። ገና አልፎ ጾሙ ሲፈታ ጋሼ ደነገጡ። «አሁን ማቆም አለብህ?» አሉኝ። የረቡዕና የዓርብን ነገር ስነግራቸው ተረጋጉ።

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ማታ፣ አትላንታ ላይ ኖትረዳምን 34 ለ23 አሸነፉ። በአሥር ዓመት የመጀመሪያው የአገር ዋንጫ። እኩለ ሌሊት ላይ በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። እጃቸው ላይ ሹራቤ አለ፣ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ። አቀፉኝ። ልጄን ከፍ አድርገው ሊያነሡት ሞከሩ፣ ወገባቸው ከለከላቸው። ለበዓሉ የጣልነውን ጠጅ ቀዳንላቸው። አንድ ብርሌ ጠጡ። ሁለተኛውን ያዙና ዝም አሉ።

«34 ለ23» አሉ።

«ዋንጫ ነው እኮ ጋሼ!»

«ነው። ነው።» ብርሌውን አዟዟሩት። «ግን 13 ለ10...»

ማንም አልተናገረም። ጋሼ ወደ ማድ ቤት አዩ።

«ኡሉጌታ» አሉ፣ «ያ ስንዴው ነገር... ተርፎ ይሆን?»

ባለቤቴ ምንም ሳትል ተነሥታ ሽንብራ ዘፈዘፈች።