«ይበላል» የሚለውን ቃል ማን ያስተምር?

ንባብን ማስተማር የአማርኛ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የሳይንስና የሂሳብ መምህራንም ሥራ ነው። የምግብ ሰንሰለት ስታስተምሩ ሰሌዳ ላይ «ሣር → ፌንጣ → እንቁራሪት → እባብ» ብላችሁ ጻፉና አንድ ተማሪ እንዲያነበው ጠይቁ። የተለመደው ስህተት «ሣር ፌንጣ ይበላል» ነው፤ ልጁ ቀስቱን ያየው ከበዪ ወደ ተበዪ እንደሚጠቁም ጣት ነው። ቀስቱ ግን የሚያሳየው ምግቡ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ «ሣር በፌንጣ ይበላል» ተብሎ፣ «ይበላል» ጠብቆ መነበብ አለበት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ በጽሑፍ በዪውን ከተበዪው የምትለየው «በፌንጣ» ላይ ያለችው «በ» ናት። የምግብ ሰንሰለት ያለው ደግሞ በሳይንስ መጽሐፍ ነውና የአማርኛ መምህሩን መጠበቅ አያዋጣም።

ሂሳብም ያው ነው። «አልማዝ 12 ብር አላት። ከከበደ በ5 ብር ትበልጣለች። ከበደ ስንት ብር አለው?» «ትበልጣለች» የምትለዋን ያየ ልጅ ይደምርና 17 ይላል። መልሱ 7 ነው። «መብለጥ ካለ ደምር፣ ማነስ ካለ ቀንስ» ብሎ ያስተማረው ሰው ነው ያሳሳተው። ቁጥሩን ከመንካቱ በፊት ብዙ ብር ያለው ማን እንደሆነ በአፉ ይናገር፤ ከዚያ ለአልማዝ ረጅም፣ ለከበደ አጭር መስመር ያስምር። ልዩነቱ 5 መሆኑን ካየ ስሌቱ ቀላል ነው።

ፊዚክስ ላይ የሚያስቸግረው የሚታወቅ ቃል ነው። ጆንያ ተሸክሞ ባለበት የቆመ ሰው ላቡ ቢንጠፈጠፍም በፊዚክስ ቋንቋ «ሥራ» አልሠራም፤ ጆንያው ከቦታው አልተንቀሳቀሰማ! አዲስ ቃል ልጁን ያስጠይቀዋል፤ «ሥራ»ን ግን የሚያውቀው ስለሚመስለው ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ለንባቡ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ አንቀጽ ብቻ ምረጡ። ቢበዛ አራት ቃላት አስቀድማችሁ አስረዱ፤ አሥር ቃል ከነፍቺው ማስገልበጥ የእጅ ጽሑፍ ልምምድ ነው። መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንዴ ያንብብ፣ ልጆቹ በጣት ይከተሉ፤ ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው መጽሐፉን ከድነው የገባቸውን ይንገሩ። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ከሆነ አምስት መስመር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይሻላል። በተራ ማስነበብ ይቅር፤ እያንዳንዱ የራሱን ተራ ሲቆጥር የሌላውን አይሰማም።

ለፈተና ደግሞ «ያል»ን ማስከበብ አስለምዱ። «ከሚከተሉት ውስጥ አጥቢ ያልሆነው የቱ ነው?» በሚለው ጥያቄ አሉታን የሚያመለክተው «ያል» «ያልሆነው» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቋል፤ የቸኮለ ዓይን «የሆነው» ብሎ ያነበዋል።