ስቶክሆልም ላይ የአማርኛ ቲያትር ቡድን እንዴት አቋቋምን

ስቶክሆልም ላይ የአማርኛ ቲያትር ቡድን ስናቋቁም ከሁሉ በላይ የፈተነን የሥራ ፈረቃ ነው። አንዱ አውቶቡስ ይነዳል። ሌላዋ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። ሌላው ቅዳሜና እሁድ ምግብ ቤት ነው የሚውለው። ሁሉም ቲያትር ይወዳል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው ይህን ነው፦ በሁለት ወይም በሦስት ሰው የሚሠራ አጭር ተውኔት ፈልጉ።

እርግጥ የሁሉም ልብ ትልልቆቹ ላይ ነበር። ብሔራዊ ቲያትርንና ሀገር ፍቅርን እያየ ያደገ ሰው ሲሰባሰብ ወዲያው የሚነሳው የጸጋዬ ገብረ መድኅንና የመንግሥቱ ለማ ስም ነው። እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ስዊድን ውስጥ የደራሲ መብት ደራሲው ካረፈ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። መንግሥቱ ለማ ያረፈው በ1980 ዓ.ም.፣ ጸጋዬ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወራሾቻቸውን ፈልጎ መጠየቅ ግድ ነው። አማተር ነን ብሎ ዝም ብሎ መሥራት ለእነዚህ ሰዎች ክብር አይመጥንም።

መፍትሔውን ያገኘነው እዚሁ ከምንኖርበት ከተማ ነው። ስዊድናዊው ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ስትሪንድበርግ የስቶክሆልም ልጅ ነው። የሞተው በ1912 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሥራዎቹን ማንም ሊሠራቸው ይችላል። «የበረታችው» ብለን የተረጎምነው አጭር ተውኔት አለው። ሁለት ሴቶች በገና ዋዜማ ካፌ ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለቱም ተዋናዮች ናቸው። ባለ ትዳሯ ታወራለች፤ ሌላዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ባለ ትዳሯ እያወራች ሳለ ባሏ ከዚህች ሴት ጋር የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ይገለጥላታል። የተረጎምነው እኛው ነን፣ ከስዊድንኛው። ሌላ ሰው የተረጎመውን ብንወስድ ኖሮ የተርጓሚውን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን።

ተናጋሪዋን ሁለት ሰዎች አጠኗት። አንዷ ፈረቃ ሲገጥማት ሌላዋ ትገባለች። ዝምተኛዋን ግን እዚሁ ስዊድን ተወልዳ ላደገች ወጣት ሰጠናት። አማርኛ ትሰማለች፤ መናገር ታፍራለች። ዝም የሚል ገጸ ባሕርይ ቀላል የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ይሞክረው። መልሷ ፊቷ ነው፣ ሳቋ ነው፣ እጇ ነው። የሌላዋን እያንዳንዱን ቃል ካልሰማች መልስ የላትም። ልምምዱ እየገፋ ሲሄድ ጽሑፉን ከማናችንም በላይ የምታውቀው እሷ ሆነች። በሚቀጥለው ሥራችን የሚናገር ገጸ ባሕርይ ይዛ መድረክ ወጣች። እኔ ከጭብጨባው ሁሉ በላይ በዚህ ነው የምኮራው።

እዚህ ካደጉት ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ቃለ ተውኔቱን በድምፅ ቀድተን በቴሌግራም እንልክላቸዋለን። ይህ ለባለ ሌሊት ፈረቃዎቹም ጠቀመ፤ ባቡር ላይ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያጠናሉ።

የልምምድ ቦታ ጉዳይ ስዊድን ውስጥ ጥሩ መላ አለው፤ ብዙ አበሻ ግን አያውቀውም። ስቱዲየፈርቡንድ የሚባሉ የሕዝብ ትምህርት ማኅበራት አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ኤቢኤፍ፣ የተመሠረተው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስት ሰው ሆናችሁ በጥናት ክበብ ስም ከተመዘገባችሁና ማን እንደመጣ በየጊዜው ከመዘገባችሁ ብዙ ጊዜ ክፍል ይሰጧችኋል። በቅርብ ዓመታት መንግሥት ድጎማቸውን ስለቀነሰ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም መጀመሪያ የሚንኳኳው በር ይህ ነው። ትኬት መሸጥ ስትጀምሩ ግን በማኅበር መደራጀት ይሻላል። መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፣ ቦርድ ምረጡ፣ ቃለ ጉባኤውን ይዛችሁ ከግብር መሥሪያ ቤቱ የድርጅት ቁጥር ውሰዱ። የባንክ ሒሳብ መክፈት ጊዜ ስለሚወስድ ከትርኢቱ ብዙ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።

አንድ ደንብ ግን ከሁሉም በፊት እንዲጻፍ እመክራለሁ። የእኛ ቡድን በማንም ፓርቲ ስብሰባ ወይም ለፖለቲካ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በሚጠራ ዝግጅት ላይ አይሠራም። አገር ቤት የሚሆነው ነገር እዚህ ያለውን ሰው ቤቱ ድረስ ገብቶ ይከፋፍላል። ልምምድ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች አንድ ዓይነት ሐሳብ የላቸውም፤ እንዲኖራቸውም አንጠብቅም። ክፉ ዜና በሰማንባቸው ሳምንታት እንኳ ልምምዱ ያልተቋረጠው ይህ ደንብ ስለነበረን ይመስለኛል።

ልጅ ያላቸው እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከልጆቹ ትልልቆቹ መብራትና ሙዚቃ ይይዛሉ፤ የመድረክ ዕቃ የሚያመላልሱትም እነሱ ናቸው።

የትርኢቱን ቀን ስትመርጡ ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሐምሌ ስዊድናዊው ሁሉ ዕረፍት ላይ ነው፣ አዳራሹም ይዘጋል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ብዙ ምእመን ከቲያትር ይርቃል። እኛ ከጥምቀት በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች እንመርጣለን። ሰዓትን በተመለከተ ቡናውንና ምግቡን አስቀድመን እናቀርባለን፤ ትርኢቱ ቡናው ከቀረበ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጀምራል። የዘገየ ሰው ቡና ያመልጠዋል እንጂ ተውኔቱ አያመልጠውም።

ያላሰብነው ነገር ከመጋረጃው በኋላ መጣ። ባለ ትዳሯ መጨረሻ ላይ ወደ ባሏ ትመለሳለች። እናቶቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ግማሾቹ «ደግ አደረገች፣ ቤቷን አዳነች» አሉ። ግማሾቹ «ምኑን ብላ ትመለሳለች!» ብለው ተነሡ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደግሞ ያቺ ዝም ያለችው ለምን አንድ ቃል እንኳ እንዳልመለሰች ተዋናይዋን እጇን ይዘው ጠየቋት። እሷም በአማርኛ መለሰችላቸው። የአዳራሹ ሰው መብራት እያጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳራሽ ስንከራይ ለውይይት የሚሆን አንድ ሰዓት ጨምረን እንከፍላለን።