የፒያኖ ቃኚ መፍቻ

የፒያኖ ቅኝት ስጀምር የነበረኝ መሣሪያ ከአንድ ጋራዥ ያገኘሁት ቡሶላና እጀታው ብቻ ነበር። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ አዳራሽ የቆመውን አሮጌ ፒያኖ በዚያ ቃኘሁት፤ በማግስቱ ስመለስ ብዙው ድምፅ ወርዶ ጠበቀኝ። ከዚህም የከፋው አውታሮቹ የሚጠመጠሙባቸውን የአራት ካስማዎች ጥግ በልቼ ማበላሸቴ ነበር። የካስማው ራስ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሲሆን፣ የጋራዡ ቡሶላ ግን ለስድስት ማዕዘን ብሎን የተሠራ በመሆኑ ጥጉን ብቻ ነክቶ ይንሸራተታል።

አንድ ፒያኖ ወደ 230 የሚጠጉ አውታሮች አሉት፤ የሁሉም ውጥረት ሲደመር ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚይዙት ወፍራም የእንጨት ሰሌዳ ውስጥ ጠብቀው የተተከሉት ካስማዎች ናቸው። ካስማው ሲዞር በመጀመሪያ ከላይ ይጠመዘዛል፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ክፍሉ ገና አልተነቃነቀም። በዚያች ቅጽበት ድምፁ የተስተካከለ ቢመስልም፣ ተጫዋቹ ቁልፉን በኃይል ሲመታው ካስማው ተፈትቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ቃኚው ካስማው መዞሩንና መጠምዘዙን በእጁ መለየት አለበት፤ እጀታው የሚተጣጠፍ ወይም አፉ ካስማው ላይ የሚንቀጫቀጭ መፍቻ ግን ይህን ስሜት ይሰርቀዋል።

በጎረቤቴ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ አዝማሪ ስሠራ ቆመው ካዩኝ በኋላ «ልጄ፣ እንጨቱ እጅህ ላይ ይሰማሃል?» ብለው ጠየቁኝ። እርሳቸው የማሲንቋቸውን መቃኛ በቀጥታ በጣታቸው ስለሚያዞሩ የጭራው ውጥረት ያለ አማላጅ ይደርሳቸዋል። እኔ ያን ቀን አይሰማኝም ነበር። ኋላ አንድ ዘመዴ ከውጭ ያመጣልኝ ትክክለኛው መፍቻ እጀታው የማይታጠፍ፣ አፉም ስምንት ጥግ ያለው ኮከብ ስለሆነ በየ45 ዲግሪው ቦታ መርጬ አስገባዋለሁ፤ ቀጥ ብሎ በሚቆም ፒያኖ ላይ እጀታውን ወደ ላይ ወይም ጥቂት ወደ ቀኝ አድርጎ መያዝ ካስማውን ወደ አውታሩ ከማጉበጥ ያድናል። ለጥያቄያቸው «አዎ» ብዬ የመለስኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ሌሎቹ ዕቃዎች በአጭሩ ይነገራሉ። ከመካከለኛው ድምፅ ጀምሮ ለአንድ ቁልፍ ሦስት አውታሮች ስላሉ፣ አንዱን ስቃኝ ሁለቱን ዝም የሚያሰኝ የጎማ ሽብልቅ ወይም ፌልት የሚባል ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጨርቅ ያስፈልጋል። በፌልት ፋንታ የባና ቁራጭ ሞክሬ ነበር፤ እየተተረተረ ክሩ በአውታሮቹ መካከል ቀረ።

የመነሻውን ድምፅ ሲመታ በሰከንድ 440 ጊዜ ከሚርገበገበው የመቃኛ ሹካ እወስዳለሁ። የብረት ሹካ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ በሰከንድ በግማሽ ንዝረት ያህል ስለሚወርድ፣ በጎንደር የማለዳ ብርድ ከኪሴ አውጥቼ ወዲያው አልመታውም፤ መጀመሪያ ከክፍሉ ጋር እንዲስማማ አስቀምጠዋለሁ። የስልክ መተግበሪያም እጠቀማለሁ፤ በተለይ ክረምቱ የአውታሮቹን ድምፅ የሚያጎላውን የእንጨት የድምፅ ሰሌዳ አሳብጦ ቅኝቱን ከፍ ካደረገ፣ በጋውም አድርቆ ካወረደው በኋላ ምን ያህል እንደራቀ ፈጥኖ ያሳየኛል። ሆኖም ስልኩ ካስማው እንጨቱ ውስጥ ረግቶ መቀመጡን አያውቅም፤ የሦስቱን አውታሮች አንድነትም ቢሆን የምጨርሰው የድምፃቸው መዋዠቅ እስኪጠፋ ድረስ በጆሮዬ አዳምጬ ነው።

በአዳራሹ ያሉት አራት ካስማዎች እስከ ዛሬ አልተቀየሩም። ኮከቡ አፍ ስለሚንሸራተትባቸው ጎናቸውን በሙሉ የሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን አፍ ለእነርሱ ብቻ ብዬ በቦርሳዬ እይዛለሁ፤ ከጥምቀት በፊት ለቅኝት በሄድኩ ቁጥርም የምጀምረው ከእነርሱ ነው።