ከካሜራው በፊት ሌንሱን ማሰብ

ፎቶግራፍን ለመተዳደሪያ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ የያዘ ሰው ካሜራ ለመግዛት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ጥያቄ «ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሰንጠረዦችና የንጽጽር ቪዲዮዎች ሞልተዋል፤ ችግራቸው ግን በባለሙያ ሚዛን የሚመዝኑ መሆናቸው ነው። ለክፍያ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ሁለት ካሜራ የሚሸከመው አንዱ በመሐል ቢበላሽበት ሙሽሮቹ ቆመው ስለማይጠብቁት ነው፤ ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ካሜራ የሚፈልገውም የአንድ ካርድ ብልሽት የማይደገም ሥራ እንዳያሳጣው ነው። እኛ ደንበኛም ሆነ ቀነ ገደብ የለብንም። ስለዚህ ባለሙያው ሊተወው የማይችለውን ብዙ ነገር ያለ ስጋት መተው እንችላለን። በአንጻሩ እሱ ችሎ የሚሸከመውን ክብደት እኛ አቅልለን ልናየው አይገባም፤ የከበደ ካሜራ ውሎ አድሮ ቤት መቅረት ይጀምራልና።

ምክር ስጠየቅ አስቀድሜ የማነሳው የገንዘብን ጉዳይ ሳይሆን ጠያቂው እስካሁን ያነሳቸውን ፎቶዎች ነው። በስልክም ሆነ በውሰት ካሜራ የተነሳ ዲጂታል ፎቶ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት (ሩቅ ያለውን ምን ያህል አቅርቦ እንደሚያሳይ)፣ የአፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ክፍተት፣ የሹተሩን (ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋውን መጋረጃ) ፍጥነትና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) በፋይሉ ውስጥ መዝግቦ ይይዛል፤ አብዛኞቹ የፎቶ ማሳያ ፕሮግራሞችም ይህን መዝገብ ያሳያሉ። ከተሳኩት ይልቅ ያልተሳኩትን መመርመር የበለጠ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ የተነሱት ሁሉ ተንቀሳቅሰው የደበዘዙ ከሆነ የጎደለው ብርሃን ነው፤ የሚያስፈልገውም ሰፊ አፐርቸር ያለው ሌንስ ወይም ፍላሽ እንጂ አዲስ የካሜራ አካል አይደለም። ወፎቹ ሁሉ በፍሬሙ መካከል ነጥብ አክለው ከታዩ የጎደለው ርዝመት ነው፤ ሕንፃው ተቆርጦ ከቀረ ደግሞ ስፋት ነው። በእነዚህ በአንዱም ያልተቸገረ ሰው ለጊዜው የሚገዛው ነገር ላይኖር ይችላል፤ ይህን መልስ በደስታ የተቀበለኝ ሰው ግን አላስታውስም።

ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ ለመግዛት የወሰነ ሰው በእርግጥ የሚመርጠው የሌንሱን መግጠሚያ፣ ማለትም ማውንቱን ነው። የካሜራው አካል ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ሌንሶቹ ግን ይቆያሉ፤ ሌንስ በተጨመረ ቁጥርም ወደ ሌላ ማውንት መሻገር እየከበደ ይሄዳል። ኒኮን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ያወጣው ኤፍ ማውንትና ካኖን በ1987 ያወጣው ኢኤፍ ማውንት ከፊልም ዘመን ተነስተው እስከ ዲጂታሉ ድረስ ለአሥርት ዓመታት አገልግለዋል። ፓናሶኒክ በ2008 የመጀመሪያውን የማይክሮ ፎር ሰርድስ ሚረርለስ፣ ማለትም በውስጡ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው፣ ካሜራ ካወጣ በኋላ ግን መንገዱ ተቀየረ፤ ሶኒ በ2010 ኢ ማውንትን አስከተለ፣ ኒኮንና ካኖንም በ2018 ዜድ እና አርኤፍ የተባሉትን አዳዲስ ማውንቶች ይዘው መጡ።

መስታወቱ ከካሜራው ውስጥ ሲወጣ በማውንቱና ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር መካከል ያለው ርቀት አጠረ። በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊ ሜትር የነበረው በዜድ 16 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ በካኖን ኢኤፍ 44 የነበረው በአርኤፍ 20 ሆነ። ይህ ለምህንድስና ሰዎች ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ቢመስልም ለገዢው ትልቅ ትርጉም አለው። የዲኤስኤልአር፣ ማለትም የባለ መስታወቱ ዲጂታል ካሜራ፣ ሌንስ በሚረርለስ ካሜራ ላይ ሲገጠም የቀረውን ርቀት የሚሞላ ባዶ ቀለበት፣ ማለትም አዳፕተር፣ ይበቃዋል፤ በተቃራኒው የሚረርለስ ሌንስ በዲኤስኤልአር ላይ ቢገጠም ከሴንሰሩ ከሚገባው በላይ ስለሚርቅ ሩቅ ያለውን ነገር ማጥራት አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ያገለገለ የዲኤስኤልአር ሌንስ የገዛ ሰው ወደ ሚረርለስ ሲሻገር ይዞት መሄድ ይችላል፤ የተገላቢጦሹ መንገድ ግን ዝግ ነው። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ በውስጣቸው ሞተር የሌላቸው የቀድሞ የኒኮን ሌንሶች በኒኮን በራሱ አዳፕተር ዜድ ካሜራ ላይ ሲገጠሙ ፎከሳቸውን በእጅ ማስተካከል ግድ ይሆናል።

ማውንት ሲመረጥ የካሜራ አምራቹን ሌንሶች ብቻ ሳይሆን እንደ ሲግማና ታምሮን ያሉት ሌሎች አምራቾች ለዚያ ማውንት ምን እንደሚሠሩም ማየት ያስፈልጋል፤ የመዝናኛ ፎቶ አንሺን ኪስ የሚታደጉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸውና። በዚህ ረገድ የሶኒ ኢ ማውንት ሰፊ ምርጫ አለው፤ ካኖን በአንጻሩ አርኤፍን ዘግቶ ቆይቶ ሁለቱ ኩባንያዎች ለአነስተኛው ሴንሰር ሌንስ እንዲሠሩ በሩን የከፈተው በ2024 ነው። ያገለገለ ዲኤስኤልአር መግዛትን በተመለከተ የብዙዎችን ንቀት አልጋራም። አዳዲስ ሌንሶች እምብዛም አይወጡለትም፤ ነገር ግን ከወጡት መካከል አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከሚያስፈልገው በላይ ምርጫ ያገኛል፤ ባትሪውም ከሚረርለሱ ይልቅ ይቆያል።

የሴንሰር መጠን የክርክር ሁሉ መነሻ ነው፤ ቁጥሮቹን አስቀምጦ ማየት ግን ክርክሩን ያሳጥረዋል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ 23.5 በ15.6 ገደማ ሲሆን የካኖኑ ከዚያም ጥቂት ያንሳል፤ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ 17.3 በ13 ነው። በስፋት ሲሰላ ፉል ፍሬም የኤፒኤስ-ሲን ከእጥፍ በላይ፣ የማይክሮ ፎር ሰርድስን አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ ስለዚህ በደብዛዛ ብርሃን የሚታየው ሻካራ ነጠብጣብ በትልቁ ሴንሰር ይቀንሳል፣ ከሰው ፊት ጀርባ ያለውን ማደብዘዝም ይቀልላል። ዋጋው የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ሴንሰርን የሚሸፍን ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅና ከባድ ነው። ሌሊት ሰማይን ለማንሳት ወይም ያለ ፍላሽ በጨለማ አዳራሽ ለመሥራት ያልተነሳ ሰው በኤፒኤስ-ሲ ይበቃዋል ባይ ነኝ። የፒክስሉ ብዛት ከዚህም ያነሰ አሳሳቢ ነው። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ፒክስል ሲሆን በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 51 በ34 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ሕትመት ይወጣዋል። የዚህን ሕትመት ቁመትና ወርድ እጥፍ ለማድረግ 96 ሜጋፒክስል ያስፈልጋል፤ ከ24 ወደ 33 መውጣት ያን ያህል ለውጥ የማይታይበትም ለዚህ ነው።

ካሜራውን በእጅ ሳይዙ መግዛትን አልመክርም። መያዣው ለጣት ካነሰ፣ የማያው መስኮት መነጽር ለሚያደርግ ሰው ካልተመቸ፣ አይኤስኦን ለመቀየር በማውጫ ውስጥ መንከራተት ካስፈለገ፣ የመግለጫ ወረቀቱ ምንም ቢል ጥቅም የለውም።

ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነው ዙም ሌንስ ከስሙ ይልቅ ይሻላል፤ ድክመቱ ብርሃን ላይ ነው። በ55 ሚሊ ሜትር ሲዘረጋ የአፐርቸሩ ከፍተኛ ክፍተት ብዙ ጊዜ ኤፍ 5.6 ነው (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክፍተቱ ይሰፋል)። በየአምራቹ ዘንድ ከርካሾቹ ሌንሶች አንዱ የሆነው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ይህም በ1/20 ሰከንድ ሲነሳ የደበዘዘውን የሚሮጥ ልጅ በ1/200 ሰከንድ ለማንሳት ያስችላል ማለት ነው። በሌንስ ወይም በካሜራ ውስጥ የሚገኘው የመንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ይህን አይተካም፤ እሱ የአንሺውን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ልጅ አያቆምምና። በኤፒኤስ-ሲ ላይ 50 ሚሊ ሜትር እንደ 75 ሆኖ ስለሚያጠብ ለጠባብ ክፍል 35 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል። ዙም ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ መታሰር ይመስለዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ካሜራውን ወደ ዓይኑ ከማስጠጋቱ በፊት ፍሬሙ ምን እንደሚይዝ ያውቃል።

ወፍና የዱር እንስሳ የሚያነሳ ሰው ከሒሳብ አያመልጥም። የትኩረት ርዝመቱ ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበትን ክፍተት ስፋት ይሰጣል፤ 400 ሚሊ ሜትር በኤፍ 2.8 ቢያንስ 143 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፊት መስታወት ሲጠይቅ፣ በኤፍ 5.6 ግማሹ ይበቃል። ለጋዜጣ ስፖርት የሚያነሱ ሰዎች የመጀመሪያውን የሚሸከሙት በምሽት ጨዋታ ስለሚያነሱ ነው። በቀን ብርሃን በእግሩ እየተጓዘ የሚያነሳ ሰው ከኤፍ 5.6 እስከ 6.3 ያሉትን ዙሞች ቢመርጥ ትከሻው ያመሰግነዋል። አበባና ነፍሳትን ለመቅረብ የሚፈልግ ደግሞ የማክሮ ሌንስ ከመግዛቱ በፊት በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባውን፣ ውስጡ መስታወት የሌለውን የማራዘሚያ ቀለበት ይሞክር፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ልዩነቱ ግን ወዲያው ይታያል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የሚመረመረው ብዙ አይደለም፣ ግን መዘለል የለበትም። በሌንሱ ውስጥ ከአንድ ወገን የእጅ ባትሪ አብርቶ ከሌላው ወገን ማየት የሸረሪት ድር የመሰለውን የሻጋታ ክር ያጋልጣል፤ ይህን ያየ ሰው ዕቃውን መልሶ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፣ ብናኝ ግን ጥቂት ቢኖር ፎቶው ላይ አይታይም። ሴንሰሩን ለመፈተን አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ከፎከስ ውጭ ማንሳት ይበቃል፤ ቆሻሻው በጥቁር ነጥብ መልክ ይወጣል። የሜካኒካል ሹተር ዕድሜ እንደ ካሜራው ደረጃ ብዙ ጊዜ ከ100,000 እስከ 200,000 ምት ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ ሻጩን የምቱን ቁጥር መጠየቅ ነውር የለውም።

ከተጨማሪ ዕቃዎች መካከል ሰዎች የሚቆጥቡበት፣ እኔ ግን ፈጽሞ የማልቆጥብበት ሚሞሪ ካርድ ነው። በካርዱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያው ነው፤ ለካሜራው የሚያስፈልገው ግን የመጻፊያው ነው። ቪ30 የሚለው ምልክት ካርዱ ቢያንስ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ እንደሚጽፍ ዋስትና ስለሚሰጥ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ካሜራው የሚቀበለው ዩኤችኤስ-1 የተባለውን የመረጃ ማስተላለፊያ ደረጃ ብቻ ከሆነ ለፈጣኑ የዩኤችኤስ-2 ካርድ መክፈል በካሜራው ውስጥ ጥቅም አያመጣም፤ መንገዱ ራሱ በሰከንድ ከ104 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍምና። አስመስለው የሚሠሩ ካርዶች ደግሞ በጣም ብዙ ናቸው፤ እነዚህ ያላቸውን ይዞታ አጋነው ለኮምፒውተሩ ስለሚናገሩ ጉዳቸው የሚወጣው ሲሞሉ ነው። ስለዚህ አዲስ ካርድ ለቁም ነገር ከመዋሉ በፊት በመፈተሻ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ተገቢ ነው።

ሁለተኛ ባትሪ ለሚረርለስ ካሜራ ቅንጦት አይደለም። ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት የሊቲየም ባትሪ በግማሽ ሞልቶ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል፤ በአውሮፕላን ሲጓዙም ትርፍ ባትሪ ተሳፋሪው አብሮት በሚይዘው ሻንጣ እንጂ ተመዝኖ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ትራይፖድ ሲመረጥ የመካከለኛው ዘንግ ሳይወጣ እስከ ዓይን የሚደርሰውን ማየት ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ወደ ላይ በተሳበ መጠን መንቀጥቀጡ ስለሚመለስ ባለ ሦስት እግሩ ዕቃ ጥቅሙን ያጣል።

ሌንሱን ለመጠበቅ ተብሎ ከእያንዳንዱ ሌንስ ጋር የሚሸጠውን የዩቪ ፊልተር አልገዛም። ዲጂታል ሴንሰር ፊት ለፊቱ የራሱ ማጣሪያ ስላለው ለምስሉ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ከግጭት የሚከላከለው ደግሞ ጥላው፣ ማለትም ሁዱ፣ በተሻለ ሁኔታ ነው። ፖላራይዘር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከውኃና ከቅጠል ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ገና ከመቅረጹ በፊት ስለሚያስቀር በኮምፒውተር ሊተካ አይችልም። በሰማይ ላይ ያለው ውጤት ከፀሐይ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ ሲነሳ ይበረታል። ፊልተር የሚጠመዘዝበት የሌንሶቹ የፊት ጥርስ ስፋት የተለያየ ከሆነ ለትልቁ የሚሆን አንድ ፊልተር ገዝቶ ለቀሩት ማስፊያ ቀለበት መጠቀም ከሁሉም ይቀልላል።

ከካሜራው ላይ የሚወጣ ቀላል ፍላሽ አብዛኞቹ ጀማሪዎች የሚፈሩት፣ ነገር ግን ከአዲስ ካሜራ ይልቅ ፎቶአቸውን የሚቀይርላቸው ዕቃ ይመስለኛል። ቅድመ ሁኔታው ጭንቅላቱ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዞር መሆኑ ነው፤ ብርሃኑ ነጭ ጣሪያ ላይ ነጥሮ ሲመለስ የመስኮት ብርሃን ያህል ይለሰልሳል። ከፊልም ዘመን የቀሩ ፍላሾችን ያለ ምርመራ ዲጂታል ካሜራ ላይ መሰካት ግን አደገኛ ነው፤ አንዳንዶቹ ከ200 ቮልት በላይ ወደ ካሜራው መገናኛ ስለሚልኩ ኤሌክትሮኒክሱን ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

የመጨረሻው ወጪ ብዙዎች ከካሜራ ዕቃ የማይቆጥሩት የኮምፒውተሩ ነው። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብረው፣ የተቀመጠ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ እንደ አጨማመቁ ከ25 እስከ 50 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ሌንስ ከመግዛት በፊት ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቶ አንዱን ከቤት ውጭ ማስቀመጥን አስቀድማለሁ። አዲስ የወጣ ካሜራ የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚጠቀምበት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የዚያን ካሜራ የሮው ፋይል መክፈት ይችል እንደሆነ ያረጋግጥ፤ ካሜራው አዲስ፣ ፕሮግራሙ አሮጌ ከሆነ ፋይሉን ዲኤንጂ ወደተባለው የጋራ የሮው ዓይነት የሚቀይረውን የአዶቤን ነፃ መቀየሪያ ማውረድ ይኖርበታል።