ለሁለት የተከፈለ ጠርሙስ

ከትናንት በስቲያ የናሙና ጠርሙሶቼን ሳጥብ አንዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አልላቀቅ አለኝ። «ነጥብ 4፣ ከድልድዩ በታች» ይላል፤ ጽሑፉ የእኔ ነው። ቀን የለውም፣ ሰዓትም የለውም። ከስምንት ዓመት በፊት ከላይኛው የወንዙ ክፍል ሰዎች ጋር ያጣላን ይኸው ጠርሙስ ነው። ልጥለው ብዬ ብዙ ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ እስካሁን አልጣልኩትም።

እኛ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ጫፍ ያለን ሰዎች ነን። ያኔ ሐይቁ ሙቀት በገባ ቁጥር አረንጓዴ ይለብስ ነበር። ለማያውቀው ያምራል፤ ሜዳ ላይ ሣር የበቀለ ይመስላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አልጌ የሚባለው ይህ የውሃ አረንጓዴ ሲሞት ወደ ታች ይሰምጣል፤ እሱን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ይገኛል። ያን ያየ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ እኛም ፈለግን። ዓይናችን ያረፈው ከላይ ባሉት ገበሬዎች ላይ ነበር።

ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ወርጄ አንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። አስመረመርኩት፤ ፎስፈረሱ፣ ማለትም በማዳበሪያና በፍሳሽ ውስጥ የሚገኘው አልጌውን የሚመግብ ንጥረ ነገር፣ ከፍ ያለ ሆነ። በዚያች አንዲት ቁጥር ላይ ቆመን ረጅም የክስ ደብዳቤ ጻፍን። መልሱ አጭር ነበር፦ ናሙናው የተቀዳው በስንት ሰዓት ነው? ቤተ ሙከራ እስኪገባ ድረስ የት ቆየ? ሲቀዳ ከእናንተ ሌላ ማን አየ? ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ጠርሙሱ እስከ ማምሻው ድረስ በረዶ ሳይኖረው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከላይ የቆመው ጅብ ከታች ያለችውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» አላት፤ እሷም «አያ ጅቦ ሳታማኻኝ ብላኝ» አለችው። የእኛ ጉዳይ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ከሳሾቹ ከታች ያለነው ነን። ሆኖም ከላይ ላሉት ሰዎች ደብዳቤያችን የጅቡን ንግግር ነው የመሰላቸው፤ ማስረጃ የሌለው ክስ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ሰበብ ነውና። ይህን ለመረዳት ጥቂት ወራት ፈጅቶብኛል።

ነገሩን የፈቱት ከላይ ያሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። «ልጄ፣ አብረን እንቅዳ፤ አንዱን ጠርሙስ ለሁለት እንክፈለው» አሉኝ። እንዳሉት አደረግን። ከእነሱ አንድ ሰው፣ ከእኛ አንድ ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ፣ ስድስት ቦታ ላይ። ጠርሙሱ በዚያው በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ቀጂው ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ ይቆማል፤ እግሩ የሚያነሳው ጭቃ ወደ ኋላው እንዲሄድ። ጠርሙሱ ክንድ በሚያህል ጥልቀት ይጠልቃል፤ ከላይ የተንሳፈፈው አረፋ አይገባበትም። የተቀዳው በንጹሕ ዕቃ በደንብ ተናውጦ ለሁለት ይከፈላል፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ በረዶ ውስጥ ይገባል። ግማሹ እነሱ ወደመረጡት ቤተ ሙከራ፣ ግማሹ እኛ ወደመረጥነው ይሄዳል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሁለቱ ቤተ ሙከራዎች ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ መጣ። ያን ጊዜ ነው ክርክሩ መልኩን የለወጠው፤ «ቁጥራችሁ ውሸት ነው» የሚል ሰው ጠፋ። ቀጥሎ የመጣው ግን ለእኛ መራራ ነበር። ዝናብ በጣለ ማግስት ፎስፈረሱ ከላይ ከእርሻው ይመጣል፤ ይህ እውነት ሆኖ ተገኘ። ዝናብ በሌለበትና ወንዙ በሳሳበት ጊዜ ግን ቁጥሩ የሚዘለው በነጥብ 5 እና በነጥብ 6 መካከል ነው፤ ማለትም በእኛው ሰፈር ውስጥ። የተሰነጠቀ የፍሳሽ መስመር ነበር። ስንት ዓመት ወደ ላይ ስንጠቁም ከእግራችን ሥር ይፈስ ነበር። ለስብሰባው ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ሳነብ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከላይ የመጡት ሰዎች ግን አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸውን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ማንበብ የጀመርኩት። በአውሮፓው የራይን ወንዝ ተፋሰስ ያሉ አምስት አገሮች፣ ስዊዘርላንድ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድስ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በስዊዘርላንዷ ከተማ ባዝል ወንዙን የሚጠብቅ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ለረጅም ጊዜ በዋናነት የሠሩት መለካት፣ የመለኪያ ዘዴያቸውን ማመሳሰልና መነጋገር ነበር። በ1976 ስለ ጨው ሲስማሙ ደግሞ የሚገርም ነገር አደረጉ። ጨው በብዛት ይለቁ የነበሩት በፈረንሳይ በኩል ያሉት ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ የሚባል ማዕድን ማውጫዎች ናቸው፤ የጨዉን መጠን ለመቀነስ ከሚወጣው ወጪ ግን ትልቁን ድርሻ፣ 34 በመቶውን፣ የተሸከመችው ከሁሉም በታች ያለችው ኔዘርላንድስ ነበረች። ፈረንሳይና ጀርመን 30፣ 30፣ ስዊዘርላንድ 6። መጀመሪያ ሳነበው ፍትሕ የጎደለው መሰለኝ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልዋጥልኝም። ሆኖም ብክለቱ የሚጎዳው የታችኛው ሰው «እኔም እከፍላለሁ» ሲል የላይኛው ሰው ማመኻኛ እንደሚያልቅበት በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ኅዳር 1 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ባዝል አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ፀረ ተባይ መርዙን ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ከተተው። ወንዙ ቀላ፤ ኢል የሚባሉት እባብ መሰል ዓሣዎች በብዙ አሥር ሺዎች አለቁ። በማግስቱ ዓመት አገሮቹ አንድ የጋራ ፕሮግራም ላይ ተስማሙ፦ ዋና ዋናዎቹን በካዮች እስከ 1995 በግማሽ መቀነስ፣ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ደግሞ እስከ 2000 ወደ ራይን መመለስ። በዚያ ፍጥነት መስማማት የቻሉት አደጋው ስላስደነገጣቸው ብቻ አይመስለኝም። ሁሉም የሚያምነው የብዙ ዓመት መዝገብ በእጃቸው ነበር። የሳልመኑ ሐሳብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብኛል። «ይህን ያህል ሚሊግራም በሊትር» ቢባል ማን ልቡ ይነካል? ዓሣው መጣ ወይም አልመጣም፣ ሕፃንም ይገባዋል።

ኮንስታንስ ሐይቅን ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ይጋሩታል። በትልቁ የሐይቁ ክፍል ላይ ድንበራቸው የት እንደሚያልፍ እስከ ዛሬ በውል አልተስማሙም። ስለ ፎስፈረስ ግን ተስማምተዋል። ሐይቁን የሚጠብቅ ኮሚሽን በ1959 አቋቁመው በዙሪያው የፍሳሽ ማጣሪያ ገነቡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሊትር ከ80 ማይክሮግራም አልፎ የነበረው ፎስፈረስ ዛሬ ከ10 በታች ነው። አሁን አጥማጆቹ የዓሣው ምግብ አነሰ ብለው ያማርራሉ፤ ይህም እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ለሁሉም እኩል ትርፍ ይዞ አይመጣም።

በዚያ ዘመን አልጌውን የሚያበዛው ፎስፈረስ መሆኑን ራሱ ያላመኑ ብዙ ነበሩ፤ ጥፋቱ የካርቦን ነው የሚሉ፣ ምርታቸው ፎስፈረስ ያለበት ሳሙና አምራቾችም ነበሩበት። የሐይቅ ተመራማሪው ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ በ1973 በካናዳ አንዲት ትንሽ ሐይቅ መሐል ላይ መጋረጃ ዘረጉ። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በሌላው ወገን ያንኑ ጨምረው ፎስፈረስ አከሉበት። ፎስፈረስ ያለበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንደነበረ ቀረ። ከአውሮፕላን የተነሣውን ፎቶ በስብሰባችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያብራራሁት ያልገባቸው ሰዎች እሱን አይተው ገብቷቸዋል።

የሚያስፈራኝ የኢሪ ሐይቅ ታሪክ ነው። አሜሪካና ካናዳ በ1972 ተፈራርመው ከትልልቅ የፍሳሽ ማጣሪያዎች የሚወጣውን ፎስፈረስ በብዙ ቀነሱ፤ ሐይቁም አገገመ። ከ2000 ወዲህ ግን አልጌው ተመለሰ። ነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ዳር ያለችው የአሜሪካዋ የቶሌዶ ከተማና አካባቢዋ ከ400,000 የሚበልጡ ነዋሪዎች የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ ተነገራቸው፤ ማፍላትም ከአልጌው የወጣውን መርዝ ከማክረር በቀር አይረዳም ነበር። ይህኛው ፎስፈረስ በዋናነት የመጣው ከእርሻ ነው። ቱቦ ሲሆን ጫፉ ላይ ቆመህ ታየዋለህ፤ ባለቤቱም ይታወቃል። እርሻ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚለቀው ጥቂት፣ እያንዳንዱ ኑሮው የጠበበ። ሁለቱ አገሮች በ2016 ወደ ምዕራቡና መካከለኛው የሐይቁ ክፍል የሚገባውን ፎስፈረስ ከ2008 መጠን በ40 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተዋል፤ ሥራው ግን አዝጋሚ ነው።

እኛም የተሰነጠቀውን መስመር ካስጠገንን በኋላ የቀረን ይኸው የእርሻው ነገር ነበር። ማዳበሪያን ከዝናብ በፊት አለመበተን፣ አፈር ውስጥ መቅበር፣ በወንዙ ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት ጥብቅ መተው፤ ዘዴዎቹ የታወቁ ናቸው። ግን ከማሳው ላይ መሬት የሚለቅ ገበሬው ነው፤ የሚጠቀመው ከታች ያለ ሰው። ስለዚህ ከታች ያለነው ገንዘብ አዋጣን፣ ችግኝ ይዘንም ወጣን። ጉድጓድ ስቆፍር ውዬ መዳፌ የተላጠበትን ቀን ከየትኛውም ስብሰባ ይበልጥ አስታውሰዋለሁ።

ሐይቁ ቶሎ አይመለስም። ለዓመታት በደለሉ ውስጥ የተጠራቀመው ፎስፈረስ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን ባጣ ቁጥር ወደ ላይ ይለቀቃል። በአንዳንድ ዓመት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከጀልባ ላይ ነጭና ጥቁር ክብ ሰሌዳ በገመድ እናወርዳለን፤ ከዓይን በሚጠፋበት ቦታ ገመዱን ይዘን ጥልቀቱን እናነባለን። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1865 ያስለመደው መለኪያ ነው፤ ዛሬም ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ እሱን አምናለሁ። መጀመሪያ ስንለካ ሰሌዳው አንድ ክንድ ሳይወርድ ይሰወር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አራት ክንድ ወርዶም ነጩ ይታየኝ ነበር።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አዛውንቱ ደወሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ፤ ማዳበሪያዬን ገና አልበተንኩም፤ መጥታችሁ ቅዱ» አሉኝ። «እሺ አባቴ፣ እርስዎ ድልድዩ ጋ ይጠብቁን» አልኳቸው። ጠርሙሶቹ ደርቀዋል፤ በረዶውን እየጫንኩ ነው።